የእትዬ ማንጠግቦሽ ታኮ

ባለፈው ከወልድያ ስመለስ አውቶቡሳችን ኩልመስክ ዳገት ላይ ቀጥ አለ፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ተደረገለት። የነዳጅ ሰልባትዮው ተበስቶ ናፍጣው መንገዱ ላይ ይንጠባጠባል። ረዳቱ ከአንዲት ነጋዴ የልብስ ሳሙና ለምኖ፣ በመዳፉ እያሸ ቀዳዳውን ሲደፍን፣ የናፍጣና የሳሙና ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሞላው። ተሳፋሪው ሁሉ ሹፌሩን ይራገማል፤ የእኔ ዓይን ደግሞ እንባ አቀረረ። ጎኔ የቆመችው ሴት "ምነው እህቴ፣ ምን ነካሽ?" አለችኝ። "ናፍጣው ነው" አልኳት። መንገድ ላይ ቆሜ ምኑን ከምን ላስረዳት!

ላሊበላ ያደግሁበት ሰፈር ቁልቁለት ላይ ነው። ከእኛ ቤት በላይ እትዬ ማንጠግቦሽ የሚባሉ ባልቴት ከአንድ ልጃቸው ከሲሳይ ጋር ይኖሩ ነበር። ሲሳይ ቀለሟ የተላጠ ሰማያዊ ፒካፕ ነበረችው፤ ከብልባላ ገብስና በግ ጭኖባት ቅዳሜ ገበያ ይገባል። አንድ በሯ በጠፍር የታሰረ፣ የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር የሌላት፣ ባትሪዋ የሞተ ጉድ ነበረች። ስለዚህ የምታድረው አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጋ፣ ከፊት ጎማዋ ሥር ትልቅ ቀይ ድንጋይ ታኮ ተደርጎላት ነው። ጠዋት ታኮው ሲነሳ ተንደርድራ ሞተሯ ይነሳል።

የድንበሩ ጦርነት ሲመጣ ሲሳይ ዘመተ። ሲሄድ ቁልፉን እናቱ እጅ ላይ አስቀምጦ "እማዬ፣ አደራ፣ ዝም ብላ እንዳትከርም። በየሳምንቱ አስነሺያት። ስመለስ ሌላ ምን አለኝ?" አላቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ግን ፍሪሲዮን መርገጥና ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት፣ መኪናዋ ስትንደረደር እግር ማንሳት፣ ታች ሲደርሱ ፍሬን መያዝ ተማሩ። ከዚያ ያለፈ ነገር አላስፈለጋቸውም።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ገበያ ሳይወጡ፣ የሰፈሩ ወንዶች ይሰበሰባሉ። እነሱ መኪናዋን ደግፈው ሲይዙ ታኮውን የሚያነሱት እትዬ ማንጠግቦሽ ራሳቸው ናቸው፤ ለማንም አይሰጡም። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጋቢና ይወጡና ቁልቁል ይለቋታል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ሲነሳ ውስጥ ሆነው እልል ይላሉ፤ እኛ ልጆች እንጮሃለን። ሽቅብ ወደ ኋላ መንዳት የሚችል ስለሌለ ወንዶቹ እያለከለኩ ገፍተው ይመልሷታል። ጎረቤታችን መሪጌታ "እኔስ ታቦት መስላኛለች፤ አጅበን እናወርዳለን፣ አጅበን እናስገባለን" እያሉ ያስቁን ነበር።

አባቴ በጎረምሳነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መንዳት አልተማረም እንጂ የመኪና በሽታ ያውቃል። ጭሱ ሲጠቁር "ታፍናለች" ይልና የአየር ማጣሪያውን ፈትቶ አቧራውን ግድግዳ ላይ ያራግፈዋል። ተነስታ ወዲያው ስትጠፋ "ነዳጁ ውስጥ አየር ገብቷል" ይልና ብሎኑን አላልቶ አረፋው እስኪያልቅ የነዳጁን ፓምፕ በእጁ ይገፋል። ራዲያተሩ ማፍሰስ ሲጀምር ጊዜ ዱቄት ጠየቀ። እትዬ ማንጠግቦሽ ለልጃቸው ስንቅ ካዘጋጁት የተረፈውን በሶ አመጡለት። በሶው ቀዳዳውን ደፈነው። "ስንቁን ለእሷ ሰጠኋት፤ እሱ እንደሁ ያን ጊዜም አልበላም ብሎኝ ነበር" ብለው ሳቁ።

በሁዳዴ ጾም መጀመሪያ አንድ ከሲሳይ ጋር የዘመተ ልጅ በክራንች ገበያ መጥቶ አባቴን ለብቻው ጠራው። ሲሳይን የቀበረው እሱ ነው። አባቴ ቤት ገብቶ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ፤ "ትንፍሽ እንዳትይ" ተባልኩ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ፤ ጾሙን ትጨርስ፣ ፋሲካን ትዋል፣ ወንድሟም ከብልባላ ይምጣ፣ ከዚያ ትረዳ አሉ። ጨክነው አይደለም፣ ደንቡ ነው። እኔ ግን ይህን ደንብ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ወንዶቹ ጾሙን ሙሉ መኪናዋን ለሙት ሲገፉ ከረሙ። መሪጌታ መቀለዱን ተዉ። እትዬ ማንጠግቦሽም "ምነው ዘንድሮ ጾሙ እንዲህ አደከማችሁ?" ይሉ ነበር። በዚያው ሰሞን ሰልባትዮው ተበሳ። አባቴ ሳሙና ይዞ ከሥር ገባ። እትዬ ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብለው "ለጊዜው ትያዝልኝ እንጂ ሲሳይ ሲመጣ ያስበይዳታል" አሉት። አባቴ ሳሙናውን ማሸቱን ቀጠለ። ቆይቶ ሲወጣ ዓይኑ ደም መስሏል። "ናፍጣው ዓይኔ ገባ" አለ። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት።

ከፋሲካ በኋላ መርዶው ለቅዳሜ ተቀጠረ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ዘመድ ሲገባ አያስጠረጥርም። ሰዎቹ ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። እትዬ ማንጠግቦሽ ድምፃቸውን ሰምተው ቁልፉን ይዘው ወጡ። "እሰይ! ጾሙ ቢፈታ ጉልበታችሁ ተመለሰ!" አሉና፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ጎንበስ ብለው ታኮውን ጎትተው አወጡት።

መኪናዋን የያዘ አልነበረም። መንቀሳቀስ ስትጀምር ወንዶቹ ተሯሩጠው ፊት ለፊቷ ገቡ፤ ጋቢያቸው እየወደቀ፣ እግራቸው እየተንሸራተተ በትከሻቸው ያዟት። አባቴ "ታኮውን! ታኮውን ይመልሱት!" ብሎ ጮኸ። እሳቸው ግን ድንጋዩን ታቅፈው ቆመዋል። ከገፊዎቹ መሃል ወንድማቸውን አይተውታል፤ ግንባሩን ኮፈኑ ላይ ደፍቶ ይንሰቀሰቃል።

"አንተ" አሉት፤ "ከብልባላ ድረስ መኪና ልትገፋ መጣህ?"

ሽማግሌዎቹ የተዘጋጁበትን ቃል አንዳቸውም አልተናገሩትም። እትዬ ማንጠግቦሽ ያወጡትን ድምፅ መጻፍ አልችልም። አባቴ ድንጋዩን ከእቅፋቸው በግድ አላቅቆ ከጎማው ሥር መለሰው።

ፒካፗ ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። ዝናብ በላት፣ ዶሮ አደረባት። እትዬ ማንጠግቦሽ ሲሞቱ ወንድማቸው ለብረት ሰብሳቢ ሸጣት፤ ቆራርጠው ወሰዷት። ድንጋዩ ግን እዚያው ነው። ለግንብ እንኳ የወሰደው የለም።

ኩልመስክ ላይ ሳሙናው ያዘ፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ረዳቱ የቆምኩት ጎማው አጠገብ መሆኑን አይቶ "እህቴ፣ እስቲ ታኮውን አንሺልን" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከዚያ ለቅቄው ቀና አልኩ።

"ሌላ ሰው ያንሳው" አልኩት።