የቢታ መኪና ሲጠራ

«ደመናው ዝቅ አለ፣ ዛፉን ተከናንቦ፣
የኔ መንገደኛ…»

ከዚህ በኋላ ዜማው እንጂ ቃሉ የለም። ወሰንየለሽ አንሶላ ስታራግፍ፣ ባልዲ ስትሞላ፣ ወለል ስትወለውል ታንጎራጉረዋለች፤ እዚህች ላይ ስትደርስ ግን ከንፈሯን ገጥማ «እምምም» እያለች ትጨርሰዋለች። ከማን አፍ እንደሰማችው አታስታውስም። መንገደኛው ምን እንደሆነም አታውቅም። መጣ ይሁን ቀረ፣ ግጥሙ ከጠፋባት ስንት ዘመኑ።

«አንቺ ወሰን፣ ያ ሰውዬ እስካሁን አልደረሰም?» ይሏታል ጋሽ ሣህሌ፣ የአልጋ ቤቱ ባለቤት፣ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንደተቀመጡ።

«በእኛ መንገድ ነው እኮ የሚመጣው ጋሼ፣ የት ይደርሳል!»

ቤቱ ከቦንጋ መናኸሪያ ጀርባ ነው። ተደርድረው የተሠሩ ክፍሎች፣ ዝናብ ሲመታው የሰው ድምፅ የሚውጥ ቆርቆሮ፣ በር ላይ «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ። በሰዓት የሚከራይ አልጋ ሲባል ከተማው አፉን በነጠላ ይሸፍናል፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ! እዚህ የሚገባው ግን አብዛኛው ጭቃ የለበሰ መንገደኛ ነው። ከጅማ ሲንገላታ መጥቶ የዋጫን መኪና የሚጠብቅ፣ ማር ሸጣ ወደ ሺሺንዳ የምትመለስ፣ ቢሮ ከመግባቱ በፊት እግሩን ታጥቦ ሸሚዝ የሚለውጥ የመንግሥት ሠራተኛ። ጥቂት ጋደም ብሎ፣ ፊቱን ታጥቦ ይሄዳል።

ወሰንየለሽ ስማቸውን አትጠይቅም። የምትጠይቀው መድረሻቸውን ነው። ሰዉ ሁሉ እሷ ዘንድ በሚሄድበት አገር ይጠራል። የመኪናው ረዳት ከመናኸሪያው ሲጮህ ካለችበት ሆና ትቀበለዋለች። «ዋጫ! ተነስ፣ መኪናህ እየሞላ ነው!» «ሺሺንዳ! እናቴ፣ ነቃ በይ!» በሮች ይከፈታሉ፣ ዓይኑን እያሸ የሚወጣው ይወጣል። እሷ እያለች ተኝቶ መኪና ያመለጠው የለም። ቦንጋ ውስጥ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ለዚህም ምክንያት አላት። ገና ልጅ ሳለች፣ ዋጫ ወደተመደበው ባሏ ስትሄድ፣ እንደዚሁ ለእረፍት አንድ አልጋ ቤት ገብታ ነበር። ባሏ ቤት ለቤት እየዞረ የወባ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ነው። «ትንሽ አሞኛል፣ ቶሎ ነይ» ብሎ ልኮባታል። ጋደም አለች። እንቅልፍ ይዟት ሄደ። የቀሰቀሳት ሰው አልነበረም፤ ስትነቃ መኪናው የለም። በዚያው ዝናብ መንገዱ ተቆረጠ። በስንት መከራ ዋጫ ስትደርስ፣ የባሏ መቃብር አፈሩ እንኳ ገና አልጠገገም ነበር። ወደ አገሯ አልተመለሰችም። እስከ ቦንጋ መጣችና እዚያው፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ፣ ቀረች።

መስከረም ጠብቶ እንኳ ዝናቡ አገሩን አለቅም ያለበት ሰሞን ነው። ያን ዕለት ጉሙ ከጫካው ወርዶ መናኸሪያውን ሞልቶታል፤ መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው እንኳ የሚታየው እንደ በሽተኛ ዓይን የደከመ ቢጫ ነገር ነው። ወሰንየለሽ ከጠዋቱ ጀምሮ ልቧን ከበድ ብሏታል። «ቀኑ ፊቱን አጥቁሯል» አለች ለራሷ።

ከዚያ ጉም ውስጥ አንዲት ልጅ ወጣች። ሻንጣዋን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ከፀጉሯ ጫፍ እስከ ጫማዋ ውሃ እያንጠባጠበች።

«አልጋ ይኖራል እትዬ?»

«ለአዳር ነው ለእረፍት?»

«ለእረፍት። የቢታ ገነት መኪና እስኪመጣ።»

«ምን ልትሠሪ ነው ቢታ?»

«መምህርት ነኝ። አሁን መመደቤ ነው፣ ከወልቂጤ።»

«በስመ አብ! የምታስተምሪው ሰው ነው ዓሣ? ልክ ከወንዝ እንደወጣ ሰው እኮ ነው የሆንሽው!»

ልጅቷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሳቀች። «መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞ ስንገፋ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ሁሉ ውሃ ገብቷል። ርዕሰ መምህሩ ፊት በዚህ መልኬ እንዴት እቀርባለሁ? እትዬ፣ ትንሽ ከሰል አይገኝም? ልብሴን ላድርቅበት።»

የሰው ልጅ በብርድ ሲንቀጠቀጥ እያዩ እንዴት እምቢ ይባላል? ወሰንየለሽ የቤቱን ማንደጃ አወጣች፤ ያለው እሱ ብቻ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቁጢጥ ብላ አራገበችው። ጢሱ ወጥቶ እስኪያልቅ፣ ፍሙ ቀልቶ ስስ አመድ እስኪለብስ ጠበቀች። ጢስ የሌለው ፍም ማንንም አይነካም፤ እሷ የምታውቀው፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠችና የመስኮቱን ሳንቃ ገርበብ አደረገችው።

«ልብስሽ ሲደርቅ ማንደጃውን በረንዳ ላይ አውጪልኝ፣ እሺ የኔ ልጅ?»

«እሺ እትዬ።»

«መኪናው ሲመጣ እኔው እጠራሻለሁ። ሳትሰጊ ተኚ።»

መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ዞሮ ከጓሮ በኩል መምታት ጀመረ፤ የመስኮት ሳንቃ ሲጋጭ ሰማች። ነፋስ ነው አለች፣ ባልዲዋን አንስታ ወደ ቧንቧው ሄደች።

ያላወቀችው ነገር ይህ ነው፤ እሷ ቧንቧው ዘንድ ወረፋ ስትጠብቅ ሌላ ሴት መጣች። ለምያ የምትባል፣ በየገበያው እየዞረች ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ። ጋሽ ሣህሌ ተቀብለው ከመምህርቷ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ሰጧት። «ወዴት ነሽ?» ሲሏት «ቢታ» አለች። ለወሰንየለሽ መንገር ግን አልታሰባቸውም፤ እንዲህ ያለው ነገር ይነገራል ብሎ ማን ያስባል።

ረዳቱ «ቢታ! ቢታ ገነት!» ብሎ ሲጮህ ወሰንየለሽ መጨረሻው ክፍል ውስጥ፣ እጇ በሳሙና አረፋ ተውጦ ነበር። አንገቷን ብቻ አወጣችና እንደ ልማዷ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ቢታ! ቢታዬ! መኪናሽ መጥቷል፣ ተነሽ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ!» አለ የሴት ድምፅ። በር ተከፈተ፣ ፌስታል ተንኮሻኮሸ፣ ጫማ ጭቃውን እየረገጠ በግቢው በር ወጣ። ከዚያ የመኪናው ጡሩምባ ጉሙ ውስጥ ራቀ፣ ራቀና ጠፋ።

ተሳፈረች፣ አለች ወሰንየለሽ። በሰላም ግቢ የኔ ልጅ። አረፋውም ውስጥ እጇን መልሳ ነከረች፣ ዜማዋንም ካቆመችበት ቀጠለች።

ጊዜው ነጎደ። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ለበረንዳው መጋረጃ ሆኖታል። ጋሽ ሣህሌ ከወንበራቸው ሆነው ጮኹ።

«ወሰን! ማንደጃውን ወዲህ በይው እንጂ፣ ሻይ እንጣድ። ብርዱ ጉልበቴን በላው።»

«በረንዳ ላይ አውጥታዋለች፣ ላምጣው።»

በረንዳው ላይ ማንደጃ የለም። ግራ ቀኝ አየች። ከበሩ ሥር አጎንብሳ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ቁልፍ የሚንጠለጠልበትን ሚስማር አየች፤ የዚያ ክፍል ሚስማር ባዶ ነው።

«ጋሼ… ያቺ የቢታዋ ልጅ ቁልፍ ሰጥታዎት ነው የሄደችው?»

«ሰጠችኝ እንጂ። ለምያ መቼ ተረስቷት ያውቃል።»

«ለምያ? የቷ ለምያ?»

«ጨርቅ ሻጯ ናታ! ሄደች እኮ፣ አንቺው አልነበርሽ የጠራሻት?»

ወሰንየለሽ ወደ በሩ ሮጠች። አንኳኳች። ጆሮዋን ሳንቃው ላይ ለጠፈች። ከላይ ቆርቆሮው ያጓራል፤ ከውስጥ ግን ምንም የለም። መዝጊያው በዚያ ሁሉ ብርድ ሞቅ ብሎ ፊቷን ነካት።

«ቢታ!» አለች። «ቢታ! ቢታ!»

ሌላ የምትጠራበት ስም አልነበራትም።

«ኧረ ቀስ በይ!» አሉ ጋሽ ሣህሌ ከኋላዋ ደርሰው። «ደክሟት ይሆናላ። ለእረፍት የገባ ሰው በር አይደበደብም ብያለሁ። ሴት ልጅ ናት፣ ልብሷንም አውልቃ ይሆናል፤ ብንገባባት ሰው ምን ይለናል?»

«ጋሼ፣ ከሰል አለ ውስጥ!»

«ፍም አይደለም እንዴ? ጢስ የለው፣ ምን ያደርጋታል?»

የራሷ ቃል ነበር። ጠዋት በልቧ ያለችው ያው ቃል፣ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን መርዶ ሆነባት። የግቢውን በር በርግዳ መንገዱ ላይ ወጣች። ሰሚር፣ ባጃጁን ሁልጊዜ እዚያው አጥሩ ሥር አቁሞ መንገደኛ የሚጠብቀው ጎረምሳ፣ አያትና ሳቀ።

«ምነው እትዬ ወሰን፣ ቤቱ አፈሰሰብዎት እንዴ?»

«በሩን ስበርልኝ! ሰው ሞተብኝ፣ ስበርልኝ ሰሚር!»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ዘሎ ገባ። ጋሽ ሣህሌ «ቆይ፣ ቆይ» ሲሉ በትከሻው አንድ ጊዜ ገጨው፤ ደገመው፤ መቀርቀሪያው ከነሚስማሩ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ወደቀ።

የታፈነ ሙቀት ወጥቶ ፊታቸውን መታቸው። እንደ ጠላት የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ ጢስ የለ፣ እሳት የለ። ክፍሉ ሰላም ነበር። ያ ሰላሙ ነበር የሚያስፈራው። ልብሷ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ደርቋል፣ የመስኮቱ ሳንቃ ከዝናቡ እንዲጋርድ ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል፣ ፍሙ አመዱ ውስጥ ሆኖ ቀላ ያለች ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይገልጣል። ልጅቷ ከአልጋው ወርዳ መሬት ላይ በደረቷ ተኝታለች። አንድ እጇ ወደ በሩ ተዘርግቷል። ሰምታ ነበር ማለት ነው። ጥሪውን ሰምታ ልትነሳ ሞክራለች።

ሰሚር በብብቷ፣ ወሰንየለሽ በእግሯ ይዘው ጎትተው ዝናቡ ውስጥ አወጧት። ጋቢ ጣሉባት። ባጃጁ ቁልቁለቱን በጡሩምባ እየጮኸ፣ ጭቃውን እየበተነ ሲወርድ ወሰንየለሽ የልጅቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ጉንጯን ትመታለች። «ልጄ፣ አትተኚ። ይበቃል፣ ብዙ ተኛሽ። ልጄ!» ትንፋሿ ይመጣል፤ ከዚያ ይቆማል፤ በቃ አለቀ ስትል፣ ከሩቅ አገር እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ «ስሟ ማነው?» አለች።

ጋሽ ሣህሌ ዘግይተው ሻንጣዋን ይዘው እስኪደርሱና መታወቂያዋ እስኪወጣ ድረስ ልጅቷ ስም አልነበራትም። ሩሀማ ናት።

«ከሰል ነበር?» አለች ነርሷ፣ ጭምብሉን በልጅቷ አፍና አፍንጫ ላይ አድርጋ የኦክስጅኑን ሲሊንደር እየከፈተች።

«ጢሱ ወጥቶለት ነበር እኮ! በእጄ ነው ያራገብኩት።»

«የሚገድለው እሱ አይደለም እትዬ። የማይታየው የፍሙ ጋዝ ነው፤ አይሸትም፣ አያስነጥስም። እንቅልፍ ብቻ ይመስላል።»

ወሰንየለሽ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቁጭ በይ ቢሏት እምቢ አለች። በየክረምቱ፣ ለብርድ ብላ፣ ለደግነት ብላ ስንት ክፍል ውስጥ ፍም አስቀምጣለች? ስንቱ መንገደኛ ስትቀሰቅሰው ግንባሩን ይዞ «ራሴን ለሁለት ሰነጠቀው» ብሏት፣ እሷም «የእኛ አገር ጉም ነው፣ እስክትለምደው ነው» ብላ ሸኝታዋለች። ፊታቸው አንድ በአንድ መጣባት፤ ስማቸውን ስለማታውቅ በአገራቸው እየመጡ ቆሙባት። ዋጫ። ሺሺንዳ። ጅማ። ሞት ስንት ጊዜ ከእሷ ጋር እየገባ አልጋ አንጥፎ ወጥቷል፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ስታንጎራጉር።

ውጭ ቀኑ ሳይመሽ መሽቷል፤ ጉሙ የኮሪደሩን መስኮት ሸፍኖታል። በመጨረሻ ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ በእጇ ጠራቻት።

ሩሀማ ዓይኗን ገልጣለች። ጭምብሉ ውስጥ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ወሰንየለሽ ጎንበስ አለች።

«መኪናው… መጣ?»

«ሄዷል የኔ ልጅ። ሄዷል፣ ይሂድ። አንቺ እዚህ ነሽ።»

«ጠሩኝ አይደል? ሰማሁ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ጠራሁሽ ሩሀማ» አለች ወሰንየለሽ፣ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ውስጥ አስገብታ። «ጠራሁሽ፣ ግን መጥቼ አላየሁሽም።»

ነርሷ ትድናለች አለች። ራስ ምታቱ ይቆይባታል፤ ስትተኛም ትንፋሿን የሚያይ ሰው ከአጠገቧ ባይጠፋ ደግ ነው። ወሰንየለሽ «እኔ አለሁ» አለች፣ ሌላ ሰው ሊቀድማት ይመስል ፈጥና።

ጋሽ ሣህሌ ጃንጥላቸው ሥር አቅፈው ያመጡትን ሳህን አልጋው ግርጌ አስቀመጡ። ክዳኑን ሲያነሱት ቆጮና ጎመን ነው፣ አይብ ጣል ተደርጎበታል።

«ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «የተሰበረውን በር አልሠራውም፤ ክፍቱን ይክረም። በይ፣ ተቀመጪ።»

ወሰንየለሽ እጇን አየችው፤ የከሰሉ ጥቁረት አሁንም ጥፍሯ ሥር አለ። ታጥባ ተመለሰች። በርጩማውን ወደ ሩሀማ ራስጌ ሳበች፣ የምትተነፍሰውን መስማት የምትችልበት ድረስ አስጠጋችው። ከዚያ ተቀመጠችና፣ ጆሮዋን ከትንፋሹ ሳትነቅል፣ ቆጮውን ቆርሳ በላች።