ሳልጠይቅ የወሰድኳት ማዞሪያ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰቆጣ ላይ፣ የሰፈራችን ልጆች ተረት የምንሰማው ከየኔታ ዘንድ ነበር። የኔታ ዓይናቸውን ገና በሕፃንነታቸው በፈንጣጣ ያጡ፣ ዜማ ሲያስተምሩ ያረጁ የደብር መምህር ነበሩ። ማታ ማታ ተማሪዎቻቸውን ሲያሰናብቱ እኛ ምድጃቸውን እንከባለን፤ የወይራው ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ኩራዟ ከጥጉ እየተርገበገበች፣ እሳቸው ጅብ ዳኛ ሆኖ ስለተሾመበት ዘመን ይነግሩናል። በአማርኛ ይጀምሩና ነገሩ ሲጦፍ ሳያውቁት ወደ ኽምጣኛ ይሻገራሉ። ያኔ አማርኛ ብቻ የሚያውቁት የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች «ምን አለ? ጅቡ ምን አለ?» እያሉ ልብሳችንን ይጎትታሉ።

የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ አንድ ልጃቸው ሲሳይ ዘመተ። ከዚያ ወዲህ ተረቱ እየሳሳ ሄደ። መሐል ላይ ያቆሙና «ዛሬ ወሬ የሰማ አለ?» ይላሉ። ሲሳይ ከመዝመቱ በፊት በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛላቸው ራዲዮ ነበራቸው፤ ግን ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ የፈሰሰው ውሃ ሆዱን በልቶት ዝም ካለ ቆይቷል። በነጠላ ጠቅልለው ከራስጌያቸው ያኖሩታል። ልሥራልዎ የሚል ሲመጣ «ሲሳይ ሲመጣ ይከፍተዋል» ይላሉ እንጂ አያስነኩትም።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የሳይንስ መምህራችን ቀላል ራዲዮ በእጅ እንዴት እንደሚሠራ ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ሠርተው አሳዩን። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ረሱት፤ እኔ ግን ለየኔታ ወሬ ላሰማ ቆርጬ ተነሳሁ። ቀጭኑን የመዳብ ሽቦ ከተማው ዳር ወድቆ ከቀረ የጦር መኪና ዲናሞ ፈትቼ ሸንበቆ ላይ ጠመጠምኩት። ማዳመጫውን ከተሰበረ የወታደር ስልክ አገኘሁ። ትራንዚስተር የምትባለዋን ባለ ሦስት እግር ፍሬ ደግሞ አጎቴ አምደወርቅ ከተማ ደርሶ ሲመለስ ከአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ለምኖ አመጣልኝ። ሽቦውን ያያያዝኩት በፍም በጋለ ሚስማር እርሳስ እያቀለጥኩ ነበር፤ የተቃጠልኩበት ጠባሳ ጣቴ ላይ ዛሬም አለ።

የቀረኝ ጣቢያ የሚመርጠው ዕቃ ብቻ ነበር። ገበያውን ዞርኩ፣ የተጣለ ራዲዮ አለበት የተባለ ቤት ሁሉ ሄድኩ፤ ጠፋ። የት እንዳለ ግን አውቅ ነበር።

መጠየቅ ነበረብኝ። እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የኔታ ቅዳሴ በሄዱበት አንድ እሑድ ጠዋት ገብቼ ራዲዮውን ከፈትኩና ዕቃውን ከነማዞሪያው ነቅዬ፣ ነጠላውን እንደነበረ ጠቅልዬ ወጣሁ። ማዞሪያዋ ጠርዟ ላይ ተሸርፋ ነበር፤ ልብም አላልኳት።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሽቦውን ከየኔታ ጣሪያ እስከ ጎረቤት ባሕር ዛፍ ዘረጋሁ። መጀመሪያ እንደሚቆላ ተልባ ተንጣጣ። ከዚያ ከሩቅ ቀጭን የሰው ድምፅ መጣ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሳደርግላቸው ፊታቸው በራ።

«ሰው ነው! ሰው ይናገራል!» አሉ፤ እኛም አጨበጨብን። ድምፁ ሲርቅባቸው እጃቸውን ልከው ማዞሪያዋን ያዙ። ጣታቸው ሽራፊዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህችን ከየት አገኘሻት?»

«ከገበያ፣ የኔታ።»

ሽራፊዋን ደግመው ዳበሷት። «ይህችን ሲሳይ ነው በቢላ የቆረጣት። ጣቢያው ያለበትን በጣቴ እንዳገኘው ብሎ።»

አለቀስኩ፤ ነቅዬ እንደምመልሰውም ተናገርኩ።

«ተዪው፤ የተናገረውን ዝም አታሰኚው» አሉ ማዳመጫውን እየመለሱልኝ። «ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር፣ ልጄ። አሁን ምኑን ልስጥሽ?»

ያን ማታ ተረት አልነበረም። በማግስቱም በሦስተኛው ቀንም ከበራቸው ተቀምጬ ሳልገባ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን ከውስጥ «የራዲዮሽ ድንጋይ አለቀ እንዴ? አምጪያት እንጂ!» የሚል ድምፃቸውን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ በየማታው መጀመሪያ ወሬውን ይሰማሉ፤ ሲጨርሱ ለእኛ ተረት ያወራሉ። ራዲዮዋ ስለ ሲሳይ አንድም ቀን አልተናገረችም። ስለዚያች እሑድም እሳቸው አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ እኔ ግን ማዞሪያዋን በነካሁ ቁጥር እሸማቀቅ ነበር።

ጦርነቱ አልቆ ክረምት ሲገባ ሲሳይ እያነከሰ መጣ። ቤቱ እልል ባይ ሞልቶበት ሰነበተ። እንግዳው ሲቀንስ፣ እኔ ውሃ ቀድቼ ስገባ፣ ነጠላውን ፈትቶ ራዲዮውን ሲያገላብጥ አገኘሁት።

«አባባ፣ ይህን ማን ከፈተው? ሆዱ ባዶ ነው እኮ!»

እንስራዬን እንደተሸከምኩ ደርቄ ቀረሁ። የኔታ በእግሬ ኮቴ አውቀውኛል። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አሉ።

ተረቶቻቸውን ዛሬ እየረሳኋቸው ነው፤ ለልጆቼ ስነግር ጅቡ መጨረሻው ምን እንደሆነ ይጠፋብኝና ከራሴ እጨምራለሁ። ያቺ ቃል ግን አልጠፋችብኝም። የኔታ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። እኔን ለማዳን ዋሹ ይሆን፣ ወይስ ያን ቀን በልጃቸው ፊት በእውነት ሰጡኝ? እኔ እንጃ። ብቻ ያን ማታ ጣቢያ ስፈልግላቸው፣ ማዞሪያዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሳቀቅ ያዝኳት።