በሚካኤል ቀን የወደቀው ሰው

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው መሳደቤን ስናገር ይህችን ግን ዋጥ አድርጌ ተመልሻለሁ። ለእናንተ መናገር ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም፤ ምናልባት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

ቢቸና ላይ የመጋዘን ግንባታ ፎርማን ነበርኩ። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በማግስቱ ሊመጣ ነው፣ የአንዱ ግድግዳ ልስን አላለቀም። ቀኑ ደግሞ ሚካኤል። ቋሚ ሠራተኞቹ በበዓል አንሠራም ብለው ሄዱ፤ እነሱን ማን ያስገድዳል? እኔ ምኒችልን ጠራሁት። ከሞጣ የመጣ፣ እጁ ልስን የለመደ የቀን ሠራተኛ ነው፤ እንቢ ካለኝ ነገ በቦታው ሌላ እንደማስገባ ያውቃል። የባሕር ዛፉ መወጣጫ መላላቱን አይቻለሁ። አይቻለሁ! ገመዱን ላጠብቀው አስቤ ትቼዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሚካኤል ነው እኮ» አለኝ።

«ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ውጣ» አልኩት።

ወጣ። ወደቀ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰባበረ።

ያን ጊዜ የፈራሁት ለእሱ መሰላችሁ? ለራሴ ነው። እስር ታየኝ፣ ከሥራ መባረር ታየኝ። ሕጉን አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ፤ የማሽን ኦፕሬተራችን ጣቱ ሲቆረጥ ካሳ እንዲያገኝ የተሟገትኩት እኔው ነኝ። የቀን ሠራተኛም ሥራ ላይ ከተጎዳ ካሳ እንደሚገባው አውቅ ነበር። ግን ምን አደረግሁ? ሐኪም ቤት አልጋው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ በዓል ሽሮ መሥራቱን አገር ቢሰማ ምን እንደሚሉት ነገርኩት። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ሥራ ዝግ ነበር፣ የወዳደቀ እንጨት ሊለቅም ገብቶ ነው አልኩ። እሱም አፍሮ አዎ አለ። ካሳው በዚያው ቀረ።

አምና ለለቅሶ ሞጣ ሄድኩ። በሚካኤል ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በክራንች ቆሞ አየሁት። ልሸሽ ዞር ስል አየኝ። እሱ ግን ስቆ ሳመኝ። መሬቱን ሌላ ሰው ያርስለታል፣ ሚስቱ ጉልት ትውላለች። በየወሩ በዚህ ቀን መልአኩን ሊለምን እንደሚመጣ አጫወተኝ።

«ገና አልታረቀኝም፤ እስቲ እርስዎም ይጸልዩልኝ ጋሼ» አለኝ።

እሺ ብዬው መጣሁ። በእኔ ኃጢአት እሱ ንስሐ ሲገባ ኖሯል፣ እኔ እሺ ብዬው መጣሁ!

ያን «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ያልኩትን ቃል ረስቶት ይሆን? ወይስ እያስታወሰ ነው የማያነሳብኝ? እሱም ቢረሳ ሚካኤል ሰምቷል። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተሰበረው የእናንተ እግር አይደለም። ሞጣ ሄጄ፣ እዚያው ደጅ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ማለት አለብኝ። ከዚያም ካሳውን ለሚወስኑት ሰዎች ይህንኑ መመስከር። መናኸሪያ ድረስ እየሄድኩ እመለሳለሁ። እፈራለሁ።

እሱም ያን ቀን ፈርቶ ነበር። ግን ወጣ።