ወንበሩን ያንቀሳቀሰ ይናገር

በእትዬ ሃሎ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ዕቃ ያንቀሳቀሰ ይናገራል። ወንበር ወደ መስኮቱ የገፋ «ወንበሩ መስኮት ሥር ነው!» ይላል። መተላለፊያው ላይ ባልዲ ያስቀመጠ «ባልዲ አለ!» ብሎ ይጮኻል። ጡረታ የወጣው ሹፌር ባለቤቷ እንኳ ጫማውን ካልጋው ሥር ሲያወጣ፣ መናኸሪያ ቆሞ ተሳፋሪ እንደሚጠራ ሰው «ጫማ ወጥቷል!» ይላል። ልጃቸው በዚህ ሕግ አድጋ፣ አግብታ በወጣች ሰሞን በገዛ ሳሎኗ «ጠረጴዛውን ስቤዋለሁ!» ብትል ባሏ «ለማን ነው የምትነግሪው?» ብሎ ደንግጦ ነበር አሉ። ከሕጉ ነፃ የሆነችው ድመቷ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን አንገቷ ላይ ቃጭል ታስሮላታል።

እትዬ ሃሎ የተወለደችበት ስሟ አይደለም። የሆስፒታሉ ስልክ ቤት ተቀምጣ ዕድሜዋን ሙሉ «ሃሎ» ስትል የወጣላት ነው። ዓይኗ ብርሃኑን ያጣው ገና በወጣትነቷ ነበር። በአንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ጮኻ ታለቅስ ነበር፤ ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ፣ ቀጥሎ የጋዜጣው ፊደል፣ በመጨረሻ የልጇ ፊት እያለ ጥሏት ሄደ። ስልክ ቤቱ ግን አልጣላትም። ከዚያች ጠባብ ክፍል ውጭ ሰው ክንዷን ይዞ ይመራታል፤ «እዚህ ጋ ደረጃ አለ፣ እዚህ ጋ ውሃ ተደፍቷል» ይላታል። እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ የጠፋው ደዋዩ ነው፣ መንገድ የምታሳየው እሷ ናት። ወንበሩን የምትወደው ለደመወዙ ብቻ አይደለም። ሌላ የትም ቦታ እንዲህ ሆና ስለማታውቅ ነው።

የሥራ ባልደረባዋ ጎርናናው ነው። ጎርናናው ሰው አይደለም፤ ኮምፒውተሯ ላይ የተጻፈውን በጆሮ ማዳመጫ የሚያነብላት የማሽን ድምፅ ነው። ጉንፋን የያዘው ዘበኛ ይመስላል። ፍጥነቱን ከመጨመሯ የተነሳ፣ ሌላ ሰው ማዳመጫውን ቢያጠልቅ ቆርቆሮ ላይ የሚበተን ባቄላ እንጂ ቃል አይሰማም። ለእሷ ግን ጥርት ያለ ነው። «ሴቶች» ብላ ስትጽፍ የሴቶች መኝታ ክፍልን ቁጥር፣ «ተረኛ» ብላ ስትጽፍ የዕለቱን ሐኪም ስም፣ ደዋዩ «እባክሽ እህቴ» ብሎ ሳይጨርስ ይነግራታል።

ስክሪኑን ከዓመታት በፊት ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሰጥታታለች። ያቺ ሴት ከኮሪደሩ ማዶ ናት፤ የራሷ ተበላሽቶባት ስታማርር እትዬ ሃሎ ሰማችና «ነይ ውሰጂው፤ እኔና እሱ እንደሆን ከተዋወቅን ጀምሮ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም» አለቻት። ሁለቱም እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ለምስጋና ብላ ስክሪኑ በነበረበት ቦታ የአበባ ማሰሮ አስቀመጠችላት። አስቀምጣም «አበባው በግራሽ ነው!» አለቻት፤ ሕጉ እስከዚያ ድረስ ደርሶ ነበር።

ማንም ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ ኮምፒውተሩ የሚናገረው ሁሉ በጎርናናው አፍ አለመሆኑ ነው። አንዳንዱን ነገር በስክሪን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ጎርናናውም አርጅቶ ስለነበር አዳዲሶቹን ማስጠንቀቂያዎች አያነባቸውም። ስለዚህ ማሽኑ «አዲስ አፕዴት ደርሷል፤ ልጫነው?» እያለ ወራት ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው አበባውን ነበር።

በዚህ መሀል ሆስፒታሉ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣለት። ቀልጣፋና ትሁት ሰው ነው፤ እትዬ ሃሎ እንዲያውም የፈራችው ትሕትናውን ነው። ስልክ በራሱ የሚመልስ መሣሪያ ማስገባት አስቧል፤ ለዚህ አንድ ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለት ይጫኑ የሚለውን ዓይነት። ዓርብ ዕለት ብቅ ብሎ «ሰኞ ጠዋት አጠገብዎ ተቀምጬ ሥራውን ልይና ከዚያ እንወስናለን» አላት።

«እንወስናለን ያለ ሰው ወስኖ የመጣ ነው» አለች ለባለቤቷ።

«አይዞሽ» አለ ሹፌሩ። «አጠገቤ ተቀምጦ ነድቼ ያልወደደኝ ተቆጣጣሪ የለም። ብቻ አትቸኩይ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

ሰኞ ከወትሮው ቀደም ብላ ገባች። አበባውን አጠጣች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ማሽኑን አበራችና ማዳመጫዋን አጠለቀች። ማራገቢያው ጉርርር አለ። ጎርናናው ግን ጭጭ። ማዳመጫውን ነቅላ ሰካች፤ ጭጭ። አጥፍታ አበራችው፤ ያው ጭጭ። የሚጮኽ ማሽን አያስፈራትም፤ ዝም ያለ ማሽን ግን በሩ ከውጭ የተቆለፈበት ቤት ሆነባት።

«ኧረ እባክሽ ነይና እይልኝ!» ብላ ወደ ኮሪደሩ ተጣራች። የካርድ ክፍሏ ሴት ሮጣ መጣች።

«እትዬ፣ ምኑን ልይልሽ? ስክሪን እኮ የለሽም።»

«አንቺ ጋ ነዋ!»

«እሱማ እኔው ጋ ነው። የእኔም እኮ ተዘበራርቆ አደረ፤ የካርድ መፈለጊያው የት እንደገባ አጣሁት። ሰልፉ በሩን ይዞታል።»

የኮምፒውተሩ ባለሙያ እያለከለከ ደረሰ። ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ስለሚያዝ ሠራተኛው «አጥፉና አብሩት» ይለዋል። «አፕዴቱ ሰው በሌለበት ራሱን ጭኗል፤ የሁሉንም ማሽን» አለ። «እስከ ዛሬ ‹በኋላ› የሚለውን እየነካሁ ስገፋው ነበር፤ አሁን ‹በኋላ› የሚለውን ቁልፍ ራሱን አንስተውታል። ያንቺ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው መሰለኝ። ምን እንደጠየቀ ለማየት ስክሪን ላምጣ» ብሎ ወጣ። የላቦራቶሪ ሠራተኞች ኮሪደር ላይ ያዙት፤ የእነሱ ማሽን የደም ውጤት አላወጣም ብሎ ነበርና በዚያው ቀረ።

እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው። ሥራ አስኪያጁ «እንደምን አደሩ» ብሎ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የት እንደሳበው አልተናገረም። ስልኩም ጮኸ።

የመጀመሪያዎቹን ደዋዮች በሰላም ሸኘቻቸው። አንዱ ፋርማሲ ፈለገ፣ አንዷ የልጆች ሐኪም ጠየቀች፤ እነዚህ ቁጥሮች ዘመን የማይለውጣቸው ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ይሰማል። እትዬ ሃሎም ጎርናናው ባይኖርም ልወጣው ነው ስትል፣ አንዲት ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ መጣች።

«እናቴ ትናንት ገብታ ነበር፤ ሴቶች ክፍል ተኝታለች ብለውኝ... እንዴት አደረች?»

«አሁን አገናኝሻለሁ የኔ ልጅ» አለችና ጣቶቿ ራሳቸው ሄዱ፤ ስንት ዓመት የሄዱበትን መንገድ።

ያ መንገድ ተለውጦ ነበር። ፎቁ ሲታደስ የሴቶች መኝታ ክፍል ወደ ላይ ወጥቷል፤ በቀድሞው ክፍልና በቀድሞው ስልክ የገባው የአስከሬን ማስረከቢያ ቢሮ ነው። እትዬ ሃሎ ይህን ታውቃለች፤ ነግረዋታል፤ አዲሱንም ቁጥር በገዛ እጇ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጽፋዋለች። ከዚያ ወዲህ የሚያስታውሰው ጎርናናው ነበር፤ እጇ ግን አልተነገረውም።

ስልኩ ከውስጥ ተመልሶ ጮኸ። የአስከሬን ማስረከቢያው ሰው ነው።

«እትዬ፣ ያቺን ልጅ ለምን ወደ እኔ ላክሻት? ‹አስከሬን ማስረከቢያ› ስላት ‹እናቴ!› ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ስልኩ ወደቀ።»

ሥራ አስኪያጁም ሰምቷል፤ ክፍሏ ጠባብ ናት። «ማንም ሊሳሳት ይችላል...» ብሎ ሊያጽናናት ጀመረ። እትዬ ሃሎ ግን በዚያች ሰዓት ስለ ወንበሯ አላሰበችም፤ ስለ መሣሪያውም አላሰበችም። የሆነ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ እናቷ ሳትሞት እያለቀሰች ነው፤ ያስለቀሰቻት ደግሞ እሷ ናት።

«አንተ!» አለችው፤ አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «ስልኩ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ የደወለችበትን ቁጥር አንብብልኝ!»

ፈልጎ አነበበላት። ደወለች፤ አይነሳም። ደገመች። በሦስተኛው አንዲት ጎረቤት አነሳችው፤ ከኋላ ልቅሶ ይሰማል፤ «ልጅቷ ማነጋገር አትችልም፣ እናቷ...» ስትል እትዬ ሃሎ አቋረጠቻት።

«አልሞተችም! ስልኩን እንዳትዘጊው፤ ጆሮዋ ላይ ያዥላት!» ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ሩጥ! ሴቶች ክፍል ውጣ። ሴትየዋን ካገኘሃት ከአልጋዋ አጠገብ ካለው ስልክ ዜሮን ደውልልኝ፤ እኔ ጋ ይገባል።»

ሮጠ። ክራቫትና የተወለወለ ጫማ ያለው ሰው ደረጃ ሲወጣ ጫማው ጧ ጧ ሲል ተሰማት። እስኪደውል ድረስ ለልጅቷ «አለሁ፣ አትዝጊው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አለሁ» ትላታለች። ለራሷ ግን ሌላ ትጠይቃለች። አልሞተችም ያለችው በምን አውቃ ነው? ትናንት የገባች ሴት ሌሊቱን ምን እንደሆነች ማን ነገራት? እውነቱ ሌላ ቢሆንስ? ያን ያህል ፈርታ አታውቅም።

ስልኩ ጮኸ። «አጠገቧ ነኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ትራሱ ጠንክሮብኛል ብላ ከነርሷ ጋር እየተጨቃጨቀች ነው።»

«ስጣት!» አለችና ሁለቱን መስመር አገጣጠመች። መያያዙን ለማረጋገጥ አንድ አፍታ ማዳመጥ የሥራው ደንብ ነው። «ምን ሆነሻል አንቺ? ምን ያስለቅስሻል?» የሚል የተቆጣ የእናት ድምፅ ሰማች። ከዚያ መስመሩን ለባለቤቶቹ ትታ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

ሥራ አስኪያጁ ተመልሶ ሲገባ ቀና አለች።

«መሣሪያው ቢሆን ይህን አይሳሳትም ሊሉ ነው» አለች፤ አንቱታውን መልሳለታለች። «እውነት ነው። የቁጥሩን ነግረውኛል፤ ጥፋቱ የእጄ ነው፣ አልክድም። ይሄ ማሽን ግን ሰው በሌለበት ቤቴን አዟዙሮ አደረ። እኛ ቤት ወንበር ያንቀሳቀሰ ይናገራል። ለውጥ ጠልቼ እንዳይመስልዎ፤ ወንበር ይንቀሳቀሳል፣ ምን ይደረጋል። ሳይነግሩኝ ሲያንቀሳቅሱት ግን የሚሰበረው የእኔ እግር ብቻ አይደለም። ዛሬ የዚያች ልጅ ልብ ተሰበረ።»

ስልኩ ዳግመኛ ሲጮኽ ሥራ አስኪያጁ ወጣ።

ባለሙያው አጥፉና አብሩት ከሰዓት በኋላ ስክሪን ተሸክሞ መጣ። ማሽኑ ሲጠብቅ የዋለው አንድ ሰው «እስማማለሁ» የሚለውን እንዲነካለት ብቻ ነበር። ነካለት፤ የሚያነበውንም ድምፅ አስነሳላት። ጎርናናው ግን አልተነሳም። ከአዲሱ ጋር ስለማይስማማ ቀርቷል አላት። በምትኩ ዝግ ያለች ጣፋጭ የሴት ድምፅ መጣችና የመጀመሪያውን መልእክት አነበበችላት፤ «ኮምፒውተርዎ በቅርቡ ይታደሳል፤ እባክዎ ሥራዎን ያስቀምጡ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች እትዬ ሃሎ። ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። ለማሽን ድምፅ ይለቀሳል? ይለቀሳል። ያን ሁሉ ዓመት ጆሮዋ ሥር የኖረው፣ ልጇን ስትድር፣ እናቷን ስትቀብር፣ በማግሥቱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀብሏት «ሴቶች፣ ተረኛ፣ ፋርማሲ» ሲላት የኖረው ድምፅ ደህና ሁኚ እንኳን ሳይላት ሄደ። ቤት ስትገባ ባለቤቷ ሁኔታዋን አይቶ፣ «ሻይ ቀኝሽ ላይ ነው» ብቻ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሳምንቱን እንደ አዲስ ተቀጣሪ ሠራች። ጣፋጯን ድምፅ በጥቂት በጥቂቱ አፈጠነቻት፤ የሴቶች ክፍልን አዲስ ቁጥር ደግሞ ያለ ማንም እርዳታ፣ ጣቶቿ እስኪለምዱት በባዶ ስልክ ላይ እየመታች አጠናችው።

ዓርብ ዕለት በሩ ተንኳኳ። የጫማውን ድምፅ ዐወቀችው፤ ሥራ አስኪያጁ ነው። የወንበር እግር ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማች፤ ከዚያ ያፈረ የሚመስል ድምፁ መጣ።

«ወንበሩን ወደ በሩ ስቤዋለሁ።»

እትዬ ሃሎ ማዳመጫዋን አወለቀች።

«ሌላም የማንቀሳቅሰው ነገር አለ» አለ። «ሳላንቀሳቅሰው ልንገርዎት ብዬ ነው የመጣሁት። መሣሪያው ይገባል። የቀጠሮ ሰዓትና አቅጣጫ ለሚጠይቅ እሱ ይመልሳል። የተኛ ሰው አለኝ ብሎ የሚደውል ግን ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ያን መሣሪያው አይነካውም። ከሥራዎ ግማሹ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ደግሞ ከላይ ምን እንደሚሉኝ እኔም አላውቅም፤ አልዋሽዎትም።»

ከፋት፤ መክፋቷንም አልደበቀችም። ግን በጨለማ እግሯን የመታት ነገር አልነበረም። የት እንደቆመ ታውቀዋለች፤ በጎኑ ማለፍ ትችላለች።

«እሺ፤ ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ። አንቱታውን ዳግመኛ ተወችው፤ ዛሬ ግን ከአፏ ጠፍቶ አይደለም። «ስትወጣ ወንበሩን ቦታው መልሰው።»

መለሰው። መመለሱንም ነገራት።