ሴቬሪን የተቀመጠ ዕለት

ባሌ ሴቬሪን ሾርባ የሚጠጣው ቆሞ ነው። ሳህኑን በግራ እጁ ይዞ፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ፣ አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው ፉት ይላል። ስንጋባ እናቴ «ይሄ ልጅ እግሩ ሥር እሳት አለ፣ ስትሮጪ ትኖሪያለሽ» ብላኝ ነበር። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ ዛሬ ግን ማታ ማታ ጉልበቴን በቅባት የማሸው እኔው ነኝ።

ሥራውም እንደ ጠባዩ ነበር። ፖንቴ ይተክላል፤ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ወይም ግንብ ሲታደስ ግንበኛው የሚወጣበትን መወጣጫ ማለቴ ነው። የማልቦርክን ግንብ፣ የግዳንስክን ትልቁን የጡብ ቤተ ክርስቲያን፣ የክራኮቭን ማማዎች በብረትና በሳንቃ አልብሷቸዋል፣ መልሶም አውልቋቸዋል። ጡረታ ሲወጣ፣ እንግዲህ ቁጭ ብለን እንጨዋወታለን ብዬ ነበር። የዋህ ነኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰኝና ባቡር ላይ ጫነኝ። እነዚህን ከተሞች ከላይ እንጂ ከታች አላየኋቸውም ይላል።

ስለዚህ እኔ አገሬን ያየሁት በአንድ እጄ የተቀቀለ እንቁላል ይዤ፣ ከባቡር ጣቢያ ወደ አደባባይ እየሮጥኩ ነው። ሰው ደረጃ ላይ አረፍ ብሎ ፎቶ ይነሳል፣ ቢራ ይጠጣል። የኔው ጉድ ግን ግድግዳው ጋ ደርሶ መዳፉን ይለጥፍበታል፣ መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ላይ ያንጋጥጣል፣ «ቆሟል» ይላል፤ ከዚያ የመመለሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቀኛል። ሕንጻው ቆሞ ከተገኘ የእሱ ጉዳይ አልቋል።

እዚሁ በምንኖርበት በቶሩን፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎን ያዘነበለ የድሮ ማማ አለ። ጀርባውንና ተረከዙን ከግድግዳው አስጠግቶ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ መቆም የቻለ ሰው ኃጢአት የለበትም ይባላል። እኔ እንደ ምሰሶ ቀጥ እላለሁ። ሴቬሪን ሁሌ ይደፋል፤ ኃጢአት በዝቶበት ሳይሆን መቆም አይሆንለትም። ከማማው አጠገብ የዝንጅብል ብስኩት የምትሸጠው ብሮኒያ ባየችው ቁጥር፣ «ጋሽ ሴቬሪን፣ ንስሐ ይግቡ እንጂ፤ ግድግዳው እንኳ ገፈተረዎት» ትለዋለች።

ይህ ሰው የሚቀመጥበት ጊዜ አንድ ብቻ ነበር። እኛ ዘንድ ከቤት ወጥቶ የረሳውን ዕቃ ሊወስድ የተመለሰ ሰው፣ ቁጭ ብሎ እስከ አስር ሳይቆጥር ደግሞ አይወጣም፤ መንገዱ ይከፋበታል። ቄሱም ይቀመጣል፣ ዳኛውም ይቀመጣል። ሴቬሪን ከሁሉም የባሰ ነው። ካዬታን የሚባል የሥራ ጓደኛው ጓንቱን ረስቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ሳይቀመጥ ሮጦ ወጣ፣ በዚያው ቀን ከፖንቴ ላይ ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሴቬሪን አንድ ነገር ረስቶ ከተመለሰ፣ ቂጡን ወንበር ጫፍ ነካ ያደርግና አስሩን በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ይወጣል። ወንበሩ እንኳ አይሞቅም።

ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ፣ ቭሮትስዋቭ የካቴድራሉ ማማ ደረጃ ላይ ፊቱ አመድ መሰለ። ሐኪሟ የልቡ ቫልቭ እንደጠበበና ደረቱ ተከፍቶ መቀየር እንዳለበት ነገረችን። ሴቬሪን ከሉብሊን ስመለስ አላት። ከሉብሊን ሲመለስ ደግሞ ሳንዶሚዬዥ ቀረኝ አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ብዬ ብነግረው፣ «እኔ መች ፈራሁ? ጊዜ አጣሁ እንጂ» ብሎ ጫማውን አሰረ። በመጨረሻ ሐኪሟ እኔን ለብቻዬ ጠራችኝ።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ሰኞ ካልመጡ አልጋው ለሌላ ሰው ነው» አለችኝ። «ሌላ ተራ እስኪደርሳቸው ልባቸው የሚቆይ አይመስለኝም።»

ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል። የአባባሉን ሁለተኛ ግማሽ በሆዴ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ስነቃ ለብሶ ቆሟል። በሩ ጋ ያዘጋጀሁለትን የሆስፒታል ሻንጣ ተራምዶ የቅዳሜ ቦርሳውን አንግቷል። ዛሞሽችን ብቻ አይቼ እመለሳለሁ፣ ደውለሽ ንገሪያቸው ብሎኝ ወጣ። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም። እሁድ ማታ መነጽሩን ከማኅደሩ አውጥቼ ባዶውን ማኅደር ቦርሳው ውስጥ መልሼው ነበር። መነጽሩን የሚያጠልቀው ሩቅ ሊያይ ሲል ነው፤ ያለ እሱ ግን ዛሞሽችም የኛ ጓሮም ለሴቬሪን አንድ ናቸው።

መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ማኅደሩን ባይከፍተውስ? ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ቢከፍተውስ? የታጠበ ኩባያ መልሼ አጠብኩ፣ መጋረጃውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ለአንድ ሰው ሕይወት መነጽር ደብቆ መጠበቅ የሞኝ ሥራ መሰለኝ፤ ሌላ ግን ምንም አልነበረኝም። ደረጃው ላይ እግሩን ስሰማ ነው የተነፈስኩት።

እያለከለከ ገባ። መነጽሩ ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው መሃል ላይ ነበር። አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«አንቺ ነሽ» አለ።

«እኔ ነኝ። በል ተቀመጥ።»

ሊሳደብ አፉን ከፈተ። ካዬታን ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ በቂጡ የወንበሩን ጫፍ ነካ አደረገው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ትንፋሽ አጠረው። ደረጃውን በሩጫ ነበር የወጣው። ወደ ኋላ ተደገፈ፤ ያ ወንበር መደገፊያ እንዳለው ከዚያን ቀን በፊት የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ሉድካ» አለኝ ሉድቪካን እንደ ልማዱ አሳጥሮ፣ «እኔ ከፍታ ላይ ፈርቼ አላውቅም። እጄ ብረት ይዟላ። እዚያ በጀርባዬ ሲያጋድሙኝ ምን እይዛለሁ?»

ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ስድብም ልመናም አለበት። ተውኩት። መፍራቱን አውቅ ነበር፤ ከአፉ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። የፖንቴ ብረት እንደሚይዝ አድርጎ ያዘው፤ ጣቶቼ ነጡ።

«ስንት ላይ ነበርኩ?»

«አራት።»

ከአንድ ልጀምር አለና ቀስ ብሎ ቆጠረ። ሲነሳ ያነሳው የሆስፒታሉን ሻንጣ ነበር።

ሆስፒታል ደርሰን ወደ ክፍሉ ሊያስገቡት ሲሉ መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ፣ ቤት የረሳሁት፣ የምመለስበት ይሁን አለኝ። እኔም እንዳለው አደረግሁ።

ቀዶ ሕክምናው ዕለት መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ሆንኩ። ኮሪደሩን ስመላለስ ነርሷ፣ እማማ ወለሉን ጨረሱት እኮ ብላ ወደ ውጭ ሰደደችኝ። የማዘጋጃ ቤቱን ግንብ ዞርኩ፣ በወንዙ በኩል ያለውን ቅጥር ተከተልኩ፣ ያገኘሁት ግድግዳ ሁሉ ላይ መዳፌን ለጠፍኩ። ያዘነበለው ማማ ጋ ስደርስ ተረከዜን አስጠጋሁና እጄን ዘረጋሁ። ተደፋሁ። ብሮኒያ ያን ቀን አልቀለደችም፤ በርጩማዋን አምጥታ «እትዬ ሉድቪካ፣ እባክዎ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። እኔ ግን መንገዴን ቀጥዬ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ሴቬሪን ቤት መጣ። ከስቷል፣ ካፖርቱ ሰፍቶታል። በቀጥታ ወጥ ቤት ገባ፣ መነጽሩን ከጠረጴዛው አንስቶ አጠለቀ፣ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ጀርባውን ሙሉ በሙሉ አስደግፎ ነው የተቀመጠው። እኔ ምድጃው ጋ ሆኜ አስሩን ጠበቅሁ።

«አትቆጥርም እንዴ?» አልኩት።

«የሚቆጥረውማ ተመልሶ የሚወጣ ሰው ነው» አለኝ።

ሾርባ ቀዳሁለት። ተቀምጦ ጠጣው፤ እኔ ቆሜ አየሁት።