በቅሎዬን የበላት መኖ

የልጄ ልጅ ሰዓዳ የጫጩት መኖ ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ አስጭና መጣች። የቀደሙት ጫጩቶቿ ደም እያስቀመጣቸው አልቀውባታል፤ ይሄኛው መድኃኒት አለው አለችኝ። ከረጢቱን እያገላበጠች፣ «እማየ፣ ለፈረስና ለበቅሎ እንዳይሰጥ፣ ይገድላል ይላል» አለች። ባቄላ እየለቀምኩ ነበር፤ ተውኩት። ድገሚው አልኳት። ደገመችው። በይ የምነግርሽን ጻፊልኝ አልኩ።

አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ አባቴ የሰጠኝ በቅሎ ነበረችኝ። ዝናብ ዘግይቶ ሣር የጠፋበት ጊዜ ነው። ባሌ ጫጩት ማራቢያ ዘበኛ ነበርና የተረፈ መኖ በከረጢት አመጣ። ደህና አድርጎ ስንዴ ስንዴ ይሸታል። በቅሎዬ ትጠገን ብዬ ገበቴ ሙሉ ሰጠኋት።

ያን ጠዋት ጎረቤቴ ጦይባ እሳት ልትጭር መጣች። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ጠጉሬን የምትሠራኝም እሷ። «አንቺ፣ ካንቺ ይልቅ ይቺ በቅሎ ሙሽራ ትመስላለች» ብላ ስቃ፣ ማሻአላህ ሳትል ወጣች።

በማግስቱ በቅሎዋ መብል እምቢ አለች። ላብ አጠመቃት፣ የኋላ እግሯ ተብረከረከ። ደረቷን ብነካው ልቧ እንደ ሙቀጫ ይደልቃል። ለዐሱር ሶላት ሲጣራ ሞተች።

አማቴ ማን አያት አለችኝ። ሰዉ ተሰብስቦ አፌን ያያል። «ጦይባ በላቻት። ማሻአላህ አላለችም» አልኩ። ሸክላ ሠሪ ናት ብለው ድሮም በዐይን ያሟታል፤ የቀረው የኔ ቃል ነበር። ከዚያ ወዲያ እሳት የሚሰጣት፣ እንስራዋን የሚገዛት ጠፋ። ልጇን አዝላ ወደ ባቲ ስትወርድ ደጄ ቆማ፣ «እኔ ከቤትሽ የበላሁት ንፍሮ ብቻ ነው» አለችኝ።

መድኃኒቱ እንዴት ነው የሚገድለው ብዬ ሰዓዳን ጠየቅኳት። የጫጩቷን አንጀት የሚበላው ተውሳክ በዐይን አይታይም አለች። መድኃኒቱ ጨው ተሸክሞ ገላው ውስጥ ይገባበታል፤ ጨውን ውሃ ይከተለዋል፤ ተውሳኩ አብጦ ይፈነዳል። ጫጩቷ በልኩ ከሆነ ትችለዋለች። የበቅሎ ልብ ግን ያንኑ ጨው አይችለውም፣ ሥጋው ይበላሻል።

የያኔውም ከረጢት ጽሑፍ ነበረው። ምን እንደሚል እንጃ፤ ቤታችን የሚያነብ አልነበረም። ቀድጄ ስንት ዓመት በርበሬ አሰጣሁበት።

ጦይባ ሞታለች አሉ። ያቺ አዝላት የሄደችው ልጇ ሐይቅ ገበያ ሸክላ ትሸጣለች። ሁለት ጊዜ ገዝቻታለሁ፤ ማን መሆኔን አታውቅም፣ መርቃኝ ትሸኘኛለች።

ሰዓዳ ብዕሯን አቁማ፣ «እማየ፣ የጦይባን ስም ልተወው?» አለችኝ።

ጻፊው አልኳት። ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት ጠርቼው የለ።