ከእህቷ የማያንስ
«በደጄ አልፈህ፣ የማን ደጅ ቆመህ…» ብላ ታንጎራጉርና ቀጣዩ ስንኝ ይጠፋታል፤ የጎደለውን በአፍንጫዋ ዜማ ትሞላዋለች። ኮምፒውተር መሸጫው ውስጥ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ትዞራለች። ሹራቧ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ የምሳ ሰዓት ቢያልፍም ምሳ ዕቃዋ ገና እንደታሰረ በብብቷ ሥር ነው። ሥራዋ ለሰው ማመልከቻ መተየብ ነው። አሮጌው ኮምፒውተሯ አንድ ገጽ እስኪከፍት ደንበኛው ተነስቶ ወደ ማዶ ይሻገራል። ማዶ ያለችው ደግሞ ሙያውን ከእሷ የተማረች ታናሽ እህቷ ናት።

«እህቴ የገዛችው የቱን ነው?»

ሻጩ ትልቁን አሳያት። «ግን እትዬ፣ እሱ ለፊልም ሥራ ነው። ለጽሑፍ ትንሹ ይበቃዎታል።»

«ለእሷ ያልበዛው ለእኔ በዛ?»

«እሷንም መክሬያት ነበር፤ ልክ እንደ እርስዎ ተቆጣችኝ።»

ትልቁን ስትነካው የሰው ቀለበት እንደምትለካ ሁሉ እጇ ፈራ ተባ አለ። ከዚያ ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ እንደ ካፊያ ወረዱ፤ ዓይኗ ግን ከበሩ ውጭ መንገዱ ላይ ነበር። ወደ ትንሹ ዞራም ጻፈች። እሱም አንድ ፊደል ሳያስቀር ተከተላት።

እጇን ሰብስባ ወደ ሻጩ ዞረች።

«እህቴ ስትሞክረው፣» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁንም እጇን እያየች ነበር የምትጽፈው?»

«አዎ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገች።»

«በል ትንሹን ጠቅልልልኝ።»

ባዶ ካርቶን ስባ ተቀመጠችና ምሳ ዕቃዋን ፈታ መብላት ጀመረች።